ያልተዘጋ ሒሳብ
ስለ ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳና ስለማይገባን መከራ



ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በወር መጨረሻ የቁጠባ ደብተራችሁን ስቀበልና ደረሰኝ ስቆርጥ ነው። በዚህ መጽሔትም የእኔ ድርሻ ሁልጊዜ የገቢና የወጪ ሠንጠረዥ ነበር። ዛሬ ግን ስለ ገንዘብ አልጽፍም። ባለፈው ዓመት ከአፌ ስለወጣ አንድ ቃልና እሱን ተከትዬ ስለተማርኩት ታሪክ እጽፋለሁ።

ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን ብድሯን ሦስት ወር ሳትከፍል ቀረች። ባሏ ሞቶባታል። ኀዘኑ ሳይወጣላት አትክልት የምትሸጥበት ቦታ ፈረሰ። ቀጥሎ ልጇ ታሞ ሆስፒታል ገባ። በብድር ኮሚቴው ፊት ቆማ ይህን ሁሉ በዝግታ ስትናገር እኔ መዝገቡን ይዤ ተቀምጬ ነበር። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ «ለምን አንቺ ላይ ብቻ ይደራረባል? እስኪ ራስሽን መርምሪ» አልኳት። ክፋት አስቤ አልነበረም፤ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። እሷ አልመለሰችልኝም። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያንን ቃል አውቀዋለሁ። እኔም ተብያለሁ።

ከስምንት ዓመት በፊት እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ጎደለ። የካዝናው አንዱ ቁልፍ በእኔ እጅ ስለነበር ከሥራ ታገድኩ። ደመወዜም ቆመ። ጉዳዩ እስኪጣራ አሥራ አራት ወር ፈጀ። በመጨረሻ ኦዲተሮች ወደ ኋላ ሄደው ሲያዩ ጉድለቱ እኔ ከመቀጠሬ በፊት የጀመረ ሆኖ ተገኘ። ነፃ መሆኔን የሚገልጽ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ሰጡኝ። «ይቅርታ» የሚል ቃል አልነበረበትም።

ከእገዳው ይልቅ የጎዳኝ የሰው ንግግር ነው። አንዷ ጎረቤቴ «እሳት ከሌለ ጭስ የለም» አለች። በእምነት የምንቀራረብ ሌላዋ «ንስሐ ያልገባሽበት ነገር ይኖራል» አለችኝ። ሌላው ደግሞ «ለበጎ ነው» ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። እኔም ቀስ በቀስ አመንኳቸው። ሌሊት ተነሥቼ የልጅነቴን ጥፋት ሳይቀር እቆጥር ጀመር። ሥራዬ ሒሳብ ነውና በአንድ በኩል መከራዬን፣ በሌላ በኩል ኃጢአቴን ጽፌ ለማመጣጠን ሞከርኩ። ሊመጣጠንልኝ አልቻለም። ከዚያ ተናደድኩና ጸሎት ተውኩ። ስድስት ወር ያህል አልጸለይኩም።

በዚያ ጊዜ ከማኅበራችን መሥራቾች አንዷ የሆኑ እናት ቡናና ቆሎ ይዘው ቤቴ መጡ። ስለ መሥሪያ ቤቱ ምንም አልጠየቁኝም። ቡናው እስኪፈላ ስለ ወንድማቸው አጫወቱኝ። በደርግ ዘመን ወንድማቸው ታስሮ በየቀኑ ስንቅ ያመላልሱ ነበር። «ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስልን ደስ ይለን ነበር» አሉኝ። «በልቷል ማለት ነው፤ አለ ማለት ነው። አንድ ቀን በር ላይ ያለው ወታደር ከእንግዲህ አታምጪ አለኝ። ምሳ ዕቃው እንደ ሞላ ይዤው ተመለስኩ።»

ቡናውን ከቀዱልኝ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «ስንት ዓመት ሙሉ ምን አጥፍቶ ነው? እኔስ ምን አጥፍቼ ነው? እያልኩ ጠየቅሁ፣ ልጄ። ምንም አላጠፋም። ያጠፉት የገደሉት ናቸው። ይህን አምኜ ከተቀበልኩ በኋላ ነው ከእግዚአብሔር ጋር እንደገና መነጋገር የቻልኩት።» ሲወጡም የወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳን ታሪክ ፈልጌ እንዳነብ ነገሩኝ። ፈልጌ አነበብኩ። ለእናንተም ያነበብኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

ወይዘሮ ፀሐይ የቄስ ጉዲና ቱምሳ ባለቤት ነበሩ። ቄስ ጉዲና በ1929 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወለጋ፣ ቦጂ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ነቀምት ሆስፒታል ውስጥ በሕክምና ረዳትነት ሠልጥነው ሠርተዋል። በኋላ ቄስ ሆኑ፤ አሜሪካ ሄደውም ነገረ መለኮት ተማሩ። ሲመለሱ በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው አገለገሉ።

ደጋፊዎቻችን ይህን መጽሔት ስለሚያነቡ አንድ ነገር ላንሣ። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ፣ ቄስ ጉዲና ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ ለውጭ ረጂዎች አንድ ደብዳቤ ላከች። ያን ጊዜ ረጂዎች ለልማት ሥራ ገንዘብ ለመስጠት ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ ለስብከትና ለአገልጋዮች ማሠልጠኛ ግን እጃቸው ይታጠፍ ነበር። ደብዳቤው ይህን አከፋፈል ተቃወመ። የደብዳቤው መልእክት ባጭሩ ሰው ሥጋውና ነፍሱ ተለያይተው ሊረዱ የማይችሉ አንድ ሙሉ ፍጡር ነው የሚል ነው። ያ ደብዳቤ በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ብዙ ውይይት አስነሥቷል። እኔ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ሳየው ለእንጀራውና ለነፍሱ ሁለት የተለያየ መዝገብ አትክፈቱለት ማለታቸው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አብዮቱ ፈነዳ። ደርግ በመጀመሪያ ብዙዎችን ተስፋ አስጥሎ ነበር፤ በተለይ የመሬት አዋጁ ገበሬውን አስደስቷል። ነገር ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ሲረሸኑ የወደፊቱ ታየ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር መጣ። አብያተ ክርስቲያናት በየቦታው ተዘጉ፤ አገልጋዮች ታሠሩ። ቄስ ጉዲናም ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ወዳጆቻቸው ከአገር የሚወጡበትን መንገድ ቢያመቻቹላቸውም እሳቸው ምእመናኑን በዚያ ሰዓት ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ አዲስ አበባ፣ ኡራኤል አካባቢ ካለው የመካነ ኢየሱስ ጉባኤ አገልግሎት ፈጽመው ከወይዘሮ ፀሐይ ጋር ሲወጡ ታጣቂዎች ያዟቸው። ወይዘሮ ፀሐይ በዚያው ሌሊት ተለቀቁ። ቄስ ጉዲና ግን አልተመለሱም። መንግሥትም እኔ ጋ የሉም ብሎ ካደ።

በዚያው ክረምት፣ ከሥልጣናቸው ወርደው በእስር የነበሩት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። ይህን ያነሣሁት በማኅበራችን ውስጥ ኦርቶዶክስም፣ ጴንጤም፣ ሙስሊምም ስላለን ነው። በዚያ ዘመን በየእስር ቤቱ በር ስንቅ ይዞ የሚሰለፈው ሰው በሃይማኖት ተለይቶ አልቆመም። ሰልፉ አንድ ነበር።

አሁን እስኪ በወይዘሮ ፀሐይ ቦታ ሆነን እናስብ። በአገራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል። የእድር ጥሩምባ ይነፋል። ሴቶች ይመጣሉ፤ ይለቀሳል፤ ንፍሮ ይቀርባል። ጎረቤት ሌሊቱን አብሮ ያድራል። ይህ ሁሉ የሞተውን ባይመልስም የቀረውን ሰው ይይዘዋል። ወይዘሮ ፀሐይ ግን ባላቸው ሞተው እንደሆነ እንኳ የሚነግራቸው አልነበረም። እንዳያለቅሱ ምናልባት በሕይወት አሉ። እንዳይጠብቁ የሚመለሱበት ምልክት የለም። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለውን ያልተዘጋ ሒሳብ እንለዋለን። እሳቸው ይህን ሒሳብ ተሸክመው አሥራ ሦስት ዓመት ኖሩ።

ይህም ሳይበቃ በ1972 ዓ.ም. እሳቸውም ታሠሩ። ክፉኛ ተገረፉ፤ ተሠቃዩ። ክስ ሳይመሠረትባቸው፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በእስር ቆዩ። ልጆቻቸው ያለ አባት ብቻ ሳይሆን ያለ እናትም ቀሩ። በዚያ ሁሉ ዓመት «ጥፋትሽ ይህ ነው» ብሎ በወረቀት የሰጣቸው ሰው የለም። ስለሌለ ነው። የእኔ አሥራ አራት ወር ከዚያ ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ቢያንስ እኔ ማታ ማታ ቤቴ አድር ነበር።

ወይዘሮ ፀሐይ ከእስር የወጡት ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የቄስ ጉዲና አጽም የደርግ ሰዎች ይጠቀሙበት በነበረው የራስ አስራተ ካሣ ግቢ ተቀብሮ ተገኘ። በተያዙባት ሌሊት መገደላቸው ታወቀ። ስለዚህ እነዚያ አሥራ ሦስት ዓመታት ሁሉ የተጠበቁት ሰው በመጀመሪያዋ ሌሊት ሞተው ነበር። በብዙ ሕዝብ ፊት በክብር ተቀበሩ። ወይዘሮ ፀሐይ በመጨረሻ ባላቸውን አልቅሰው ቀበሩ። የአቡነ ቴዎፍሎስም አጽም የተገኘው በዚያው ዓመት ነው።

ወይዘሮ ፀሐይ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ኖሩ። የደረሰባቸውን አልደበቁም። ተናገሩ፤ ታሪካቸው ተጽፎ በውጭ ቋንቋዎች ሳይቀር ታተመ። እምነታቸውንም አልተዉም። እኔን ያቆመኝ እነዚህ ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ነው። እኛ ብዙ ጊዜ እምነት ያላት ሴት ዝም ትላለች ብለን እናስባለን። «ቻይው» እንላለን። እሳቸው ግን የተደረገውን ግፍ ግፍ ብለው ጠሩት፤ እግዚአብሔርንም አባቴ ማለታቸውን አላቆሙም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ መጽሐፈ ኢዮብን እንደ አዲስ አነበብኩት። አርባ ሁለት ምዕራፍ ነው። እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም የማውቀው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ብቻ ነበር፤ ንብረቱን ማጣቱንና እጥፍ ሆኖ መመለሱን። መካከሉን በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ሳነበው ሦስቱ ወዳጆቹ፣ ኤልፋዝና በልዳዶስ ሶፋርም፣ የእኔው ባልደረቦች ሆነው አገኘኋቸው። እነሱም እንደ እኔ ሒሳቡ እንዲመጣጠን ይፈልጋሉ። በዚህ በኩል ይህን ያህል መከራ አለ፤ ስለዚህ በዚያ በኩል የተደበቀ ኃጢአት መኖር አለበት ይላሉ። ኢዮብ ግን ያላደረግሁትን አላምንም ብሎ ይከራከራል። ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል፤ ይሟገታል፤ አንዳንዴም በጣም ይቆጣል።

በመጨረሻ እግዚአብሔር ተናገረ። የተቆጣው ግን በማን ላይ ነው? በተሟገተው በኢዮብ ላይ ሳይሆን ስለ እሱ ጠበቃ ቆመናል ባሉት በወዳጆቹ ላይ ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። ጸሎት ትቼ በነበረባቸው ስድስት ወራት በልቤ የነበረው ንዴትና ጩኸት ራሱ ጸሎት ሊሆን ይችል ነበር። እኔ ግን በእግዚአብሔር ፊት መቆጣት አይቻልም ብዬ ፊቴን አዙሬ ተቀምጬ ነበር።

ሌሎች ነገሮችም አየሁ። በመጨረሻ የኢዮብ በጎች ከሰባት ሺህ ወደ አሥራ አራት ሺህ፣ ግመሎቹ ከሦስት ሺህ ወደ ስድስት ሺህ እጥፍ ሆኑ። ልጆቹ ግን አሥር ነበሩ፤ በኋላም አሥር ተወለዱለት። አልታጠፉም። የሞቱት አሥሩ የሞቱት ናቸው፤ በሌላ ልጅ አይተኩም። ልጅ የቀበረች እናት ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ተጽናኑ ስንል «እግዚአብሔር ይተካልሻል» ብለን ባንቸኩል መልካም ነው።

ደግሞ ኢዮብ ወደ ቦታው መመለስ ሲጀምር ዘመዶቹና የሚያውቁት ሁሉ ቤቱ መጥተው አብረውት እንጀራ እንደበሉ፣ እያንዳንዳቸውም ገንዘብና የወርቅ ቀለበት እንደሰጡት ተጽፏል። ይህ እኮ መዋጮ ነው! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ከዚያም ለሦስቱ ሴቶች ልጆቹ ከወንድሞቻቸው ጋር እኩል ርስት ሰጣቸው። የወንዶቹ ስም አልተጻፈም፤ የሴቶቹ ግን በየስማቸው ተጽፏል። ያን ያህል ግፍ የቀመሰ ሰው ሴት ልጅ ርስት የማታገኝበትን ልማድ በሌላ ዓይን ማየት የጀመረ ይመስለኛል። ጥበብ የሚባለው ይህ ከሆነ ከመከራ የተገኘ ጥበብ ማለት የሌላውን ጉዳት ማየት ነው።

እንዳትሳሳቱብኝ፣ እህቶቼ። መከራ ጥሩ ነው አላልኩም። የወይዘሮ ፀሐይ እስር ጥሩ ነገር አልነበረም። የእናታችን ወንድም መገደልም እንዲሁ። መከራ ሁሉን ሰው ጥበበኛ አያደርግም። እኔን ራሴን ተመልከቱ። አሥራ አራት ወር የኤልፋዝን ቃል ስሰማ ቆይቼ፣ መዝገብ በእጄ ሲገባ እኔው ኤልፋዝ ሆኜ ተገኘሁ። ያቺ እህታችን ፊቴ ቆማ ሳለ ያየሁት ያልተከፈለውን ሦስት ወር ነው። እሷን አላየሁም።

የኢዮብ ወዳጆች አንድ መልካም ነገር ሠርተው ነበር። መጀመሪያ የመጡ ዕለት መከራው እጅግ ብዙ መሆኑን አይተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እናታችንም ቡናና ቆሎ ይዘው ሲመጡ ያደረጉት ያንን መጀመሪያውን ነው። አልመረመሩኝም። ተቀመጡ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ በሳምንቱ ወደ እህታችን ቤት ሄድኩ። ቡና እኔ ይዤ ሄድኩ። «ያልኩሽ ልክ አልነበረም፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ወዲያው ይቅር አለችኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ቡናው ይፍላ» አለችኝ። እኔም እስኪፈላ ተቀመጥኩ። ልጇ ጥግ ላይ ተኝቶ ነበር። ሁለተኛው ጀበና ላይ ስለ ባሏ ማውራት ጀመረች፤ እኔም አዳመጥኩ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ለኮሚቴው ሐሳብ አቀረብኩ። አባላት ተስማምተው ለእህታችን የስድስት ወር የእፎይታ ጊዜ ሰጡ። ከማኅበራዊ መዋጮውም ለልጇ መድኃኒት ተከፈለ። እንደገና መክፈል ጀምራለች፤ ባትጀምርም ኖሮ ይህን ጽሑፍ እጽፈው ነበር። ደጋፊዎቻችን በዓመታዊ ሪፖርታችን «የተራዘመ ብድር» የሚል መስመር ስታዩ ከኋላው እንዲህ ያለ ታሪክ እንዳለ እወቁልን። በዚያ መስመር ላይ የተጻፈው ቁጥር የሥራችን ጉድለት መስሎ ሊታይ ይችላል። ለእኔ ግን ከሠራናቸው ሥራዎች ሁሉ ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

ጸሎት ጀምሬያለሁ። እንደ ድሮው አይደለም። ድሮ ጸሎቴ እንደ ቼክ ነበር፤ ይህን አድርጌአለሁና ይህን ስጠኝ የሚል። አሁን ያልገባኝን ያልገባኝ ብዬ እናገራለሁ። ለምን አሥራ አራት ወር እንደባከነብኝ አላውቅም። ወይዘሮ ፀሐይ ለምን አሥር ዓመት እንደተወሰደባቸው አላውቅም። አንዳንድ ሒሳብ በዚህ ዓለም ስንኖር አይዘጋም። መዝገቡን የያዘው ግን እኔ አይደለሁም፤ ጎረቤቴም አይደለችም። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ እንቅልፍ እተኛለሁ።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። በመካከላችን በደርግ ዘመን ስንቅ ያመላለሱ፣ የታሠሩ፣ ሰው የጠፋባቸው እናቶች አሉ። ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። በየወሩ ስብሰባ መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ ሰጥተን አንድ አንዳቸውን እናዳምጥ። ለመጻፍ እኔ ዝግጁ ነኝ። እነሱ ይናገሩ፤ እኛ ቡናው እስኪፈላ ዝም ብለን እንስማ።

አክባሪ እህታችሁ፣
የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ